የንግድ ጅማሮ እንቅፋት ትንሹን ከተማ ለምን አብዝቶ ይጎዳል?

ስለ ንግድ መጀመሪያ እንቅፋት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ቁጥር ይሄዳል። ፈቃድ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ስንት ቢሮ ያዞራል፣ ስንት ያስከፍላል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። መልሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ስለ አገሩ አማካይ ወይም ስለ ዋናው ከተማ ብቻ ነው። ሕጉ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ሸክሙ በትልቁ ከተማና ዳር ባለው ከተማ ለምን እንደሚለያይ አይናገሩም። የአካባቢ ዕድገት ጉዳይ ያለው ደግሞ እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከተራ ሒሳብ ነው። ለፈቃድ የሚወጣው ገንዘብ ቋሚ ወጪ ነው፤ ሥራው ቢሰፋም ቢጠብም ብዙ አይለወጥም። ለማስረዳት ያህል ክፍያው፣ ምልልሱና ሲጠበቅ የሚባክነው ሁሉ ተደምሮ 30 ይሁን። በዓመት 60 የሚያተርፍ የትልቅ ከተማ ድርጅት ወጪውን በ6 ወር ይመልሳል። ያው ድርጅት ገዢ በሳሳበት ከተማ በዓመት 20 ብቻ የሚያተርፍ ከሆነ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሚለፋው የፈቃዱን ወጪ ለመመለስ ነው። ፊርማው ያለው ዋናው ከተማ ከሆነ ደግሞ መንገድና አልጋ ሲጨመርበት 30 የነበረው 40 ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ሞላ ማለት ነው። አዲስ ድርጅት የመውደቅ ዕድሉ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት መሆኑ ሲታሰብ፣ በትልቁ ከተማ አሰልቺ ብቻ የሆነው መስፈርት በትንሹ ከተማ ሥራውን ከነአካቴው ያስቀራል።

ገንዘቡ የሚያልቀው ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት ነው

የአገልግሎት ክፍያው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። የሚገድለው መጠበቁ ነው። አንድ አነስተኛ የምግብ ዘይት መጭመቂያ እንውሰድ። ካፒታሉ 100 ቢሆን 50ው ለማሽን፣ 15ቱ ለቤት እድሳትና ለተከላ ይሄዳል፤ ቀሪው 35 የቅባት እህል መግዣና የመጀመሪያ ወራት ደመወዝ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ቤት ይከራያል፤ ያለ ኪራይ ውል አድራሻ የለም፣ ያለ አድራሻ ማመልከቻ አይገባም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ ለኪራይ 4፣ ለብድር ወለድ 1፣ ለጥበቃና ሌላ ሥራ እንዳይዝ ለተቀጠረ ባለሙያ 2፣ በጠቅላላው 7 ይወጣል። ፈቃዱ 5 ወር ከፈጀ 35ቱ አለቀ። ማሽኑ ተተክሏል፣ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እህል መግዣ ግን የለም።

በዚህ ላይ ወቅቱ አለ። የቅባት እህል የሚረክሰው አዝመራ በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። ፈቃዱ ያ ሰሞን ካለፈ በኋላ ከደረሰ መጭመቂያው በተወደደ ዋጋ ይገዛል፤ አለዚያም የሌላ ሰው እህል በክፍያ እየጨመቀ ቀጣዩን አዝመራ ይጠብቃል። በቢሮው ሪፖርት ይህ ድርጅት «ሥራ የጀመረ» ተብሎ ተቆጥሯል። ሊቀጥራቸው ያሰባቸው ሰዎች አልተቀጠሩም፣ ሊገዛው ያሰበው የአካባቢው ምርትም አልተገዛም።

ፋይሉ የት ነው የሚቆመው? የንግድ ምዝገባውና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በአብዛኛው ፈጣኖቹ ናቸው። የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ባሉት ነው፤ የብቃት ማረጋገጫ፣ የቦታ አጠቃቀም፣ የእሳት አደጋ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል። ከሁሉ የሚከፋው ክብ የሚሠራው መስፈርት ነው። የኤሌክትሪክ አቅራቢው ትልልቅ ማሽን የሚያንቀሳቅሰውን ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ ለማስገባት የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ሰጪው ደግሞ ማሽኑ ተተክሎ ሲሠራ ካላየ የብቃት ማረጋገጫ አይሰጥም። ባንኩ የድርጅት ሒሳብ ለመክፈት ምዝገባውን ሲፈልግ፣ መዝጋቢው ካፒታሉ ባንክ መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ መመሪያ ስላለው ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ጉዳዩ ግን የሚወጣው በትውውቅ ወይም በእጅ መንሻ ነው።

ሌላው የወረቀቶች ዕድሜ ነው። ከአንዱ ቢሮ የተሰጠ ማስረጃ የሚያገለግለው 30 ቀን ሆኖ የሚቀጥለው ቢሮ ቁጥጥር ወረፋ 45 ቀን ከሆነ፣ አመልካቹ ተራው ሲደርስ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበታል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል። በትልቅ ከተማ ይህ የአንድ ቀን ጣጣ ነው። ለብዙ ወረዳዎች አንድ ተቆጣጣሪ ባለበት አካባቢ ግን ባለሙያው የሚመጣው በወር አንዴ ስለሆነ አንዲት የጎደለች ፎቶ ኮፒ አንድ ወር ታስበላለች።

የሚለካው ሌላ፣ የሚደርሰው ሌላ

ይህ ለምን ሳይታይ ኖረ? አንዱ ምክንያት መለኪያው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንቅፋቱን በአገራት መካከል ማወዳደር ሥር የያዘው ኢኮኖሚስቱ ሲሜዮን ጃንኮቭና ባልደረቦቹ በ2002 በ85 አገራት ላይ ባወጡት ጥናት ነው። ድርጅት ለመክፈት ካናዳ 2 ሥርዓቶችን (አመልካቹ ማለፍ ያለበትን የቢሮ ደረጃ) ስትጠይቅ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ 21 ትጠይቅ ነበር። የጥናቱ ዋና ግኝት ግን ከዚህ ቁጥር ይልቅ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሥርዓቱ በበዛባቸው አገራት ሙስናና ከመዝገብ ውጭ ያለው ንግድ በዝቶ ተገኘ፣ የምርትና የአገልግሎት ጥራት ግን አልተሻለም። መስፈርቱ ሕዝብን ለመጠበቅ የቆመ ነው የሚለው መከራከሪያ በዚያ መረጃ ድጋፍ አላገኘም።

ዓለም ባንክ በዚያው መንገድ «ዱዊንግ ቢዝነስ» የተባለውን ዓመታዊ የአገራት ደረጃ ሲያወጣ ቆይቶ በመረጃ አያያዝ ጉድለት ምክንያት በ2021 አቋረጠው። ያ ደረጃ በየአገሩ የሚያየው ትልቁን የንግድ ከተማ ነበር፤ ሕዝባቸው ከ100 ሚሊዮን ለሚበልጥ አገራት ብቻ ኋላ ላይ ሁለተኛ ከተማ ተጨመረ። ውጤቱ የሚገመት ነው። ደረጃውን ለማሻሻል የሚፈልግ መንግሥት የዋናውን ከተማ ቢሮ ያሳምራል፣ እዚያ ያለውን ጊዜ ያሳጥራል፤ ደረጃው ከፍ ይላል፣ ሌላው አካባቢ ባለበት ይቆያል።

ሌላም ክፍተት አለ። ሜሪ ሃልዋርድ-ድሪማየርና ላንት ፕሪቼት በ2015 ባወጡት ሥራ በሕጉ መሠረት ይፈጃል የተባለውን ጊዜ ድርጅቶች በእርግጥ ፈጀብን ካሉት ጋር አነጻጸሩ። በአንድ አገር ውስጥ አንዱ በጥቂት ቀናት ሲጨርስ ሌላው ወራት ይንከራተታል፤ አማካዩም ከመመሪያው ጊዜ ጋር እምብዛም አይገናኝም። ስለዚህ መመሪያው ላይ «በ15 ቀን ይሰጣል» ተብሎ መጻፉ ለማን በ15 ቀን እንደተሰጠ አይናገርም። ለነባሩና ለታወቀው ፈጣን፣ ለአዲሱና ከሩቅ ለመጣው ዘገምተኛ የሆነ ሥርዓት በአማካይ ሲታይ ደህና ይመስላል።

እንቅፋቱ ሲነሳ ምን ያህል ይለወጣል?

እዚህ ላይ ማጋነን የተለመደ ነው፤ መረጃው ግን ቁጥብ ነው። ከሁሉ የሚያስተምረው ሜክሲኮ ነው፤ ማሻሻያው በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ስላልተጀመረ ማዘጋጃ ቤቶችን ከማዘጋጃ ቤቶች ማወዳደር ተችሏል። ከ2002 ጀምሮ ዝቅተኛ ስጋት ላላቸው ሥራዎች የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ በአንድ መስኮት መስጠት ተጀመረ። በአማካይ 30 ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረው ከ2 ቀን በታች ሆነ። ኢኮኖሚስቷ ሚርያም ብሩን እንዳሰላችው የተመዘገቡ ድርጅቶች ቁጥር በ5 በመቶ፣ ቅጥር በ2.2 በመቶ ጨመረ፤ ዋጋ በ0.6 በመቶ ወረደ፤ የነባር ነጋዴዎች ገቢ ደግሞ በ3 በመቶ ቀነሰ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ሰው የሚዘላቸው ናቸው፤ በእኛ እይታ ግን የጉዳዩ እምብርት እነሱ ናቸው። ማሻሻያው ከነባሩ ነጋዴ ገቢ ላይ አጎደለ። ያ ገንዘብ በገዢው ኪስ ቀረ። ስለዚህ ፈቃድ የሚቀልበት አካባቢ ሲባል አንድ የሚከፋ ወገን አለ፤ ያ ወገን ደግሞ በከተማው ምክር ቤትና በንግድ ማኅበሩ ድምፅ ያለው ነው። ገና ያልተከፈተው ድርጅት ተወካይ የለውም። አዲሶቹ ባለቤቶች ቀድሞ ተደብቀው ሲነግዱ የነበሩ ሰዎች አለመሆናቸውም ልብ ይባል፤ በአብዛኛው ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ፕሮግራም ሲያጠኑ ጭማሪው በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ ወራት የታየ መሆኑን አግኝተዋል። ተከማችቶ የቆየው ወረፋ ወጣ፣ ከዚያ ረገበ።

ፖርቱጋል ከዚህ የጎላ ለውጥ አየች። እስከ 2005 ድረስ ኩባንያ ለማቋቋም 11 ሥርዓትና 78 ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር። በዚያ ዓመት የተጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይህንን ከ1 ሰዓት ወደማይበልጥ ጊዜ አወረደው፤ ማዕከላቱም በየአካባቢው በተራ በተራ ተከፈቱ። አገልግሎቱ በደረሰባቸው አካባቢዎች አዳዲስ ድርጅቶች በ17 በመቶ፣ የፈጠሩት ሥራ በ22 በመቶ ገደማ ጨመረ። ግን እነማን ናቸው የተጨመሩት? ትናንሾች፣ በግብርና፣ በግንባታና በችርቻሮ ያሉ፣ ባለቤቶቻቸው ብዙ ያልተማሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የማለፍ ዕድላቸውም ከሌላው ያነሰ። ትልቅ ሐሳብ የያዘ ሰው በ78 ቀን አይመለስም ነበር፤ የሚመለሰው በዳር ላይ ያለው ነው። ይህ ማሻሻያውን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። ሥራ ሥራ ነው። የምዝገባ መፍጠን ብቻውን ግን የአንድን አካባቢ የኢኮኖሚ መልክ አይለውጥም።

በስሪላንካ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። ሱሬሽ ዴ ሜል፣ ዴቪድ ማኬንዚና ክሪስቶፈር ውድራፍ ካልተመዘገቡ ትናንሽ ድርጅቶች ለአንዳንዶቹ ስለ ምዝገባው መረጃ ሰጡና የምዝገባውን ወጪ ሸፈኑ። ምንም አልተንቀሳቀሰም። መካከለኛው ድርጅት ከግማሽ ወር እስከ አንድ ወር የሚያተርፈውን ያህል ገንዘብ ሲቀርብላቸው ወደ አንድ አምስተኛው፣ የሁለት ወር ትርፍ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ተመዘገቡ። እምቢ ካሉት ብዙዎቹ ያቀረቡት ምክንያት የመሬት ጉዳይ ነበር፤ የሚሠሩበት ቦታ የራሳቸው ለመሆኑ ወይም በሕጋዊ ውል ለመያዙ ማስረጃ የላቸውም። ክፍያውን ዜሮ ማድረግ አድራሻ የሌለውን ሰው አድራሻ አይሰጠውም።

ነባሩ ፈራጅ ሲሆን

ፈረንሳይ በ1973 ባወጣችው ሕግ ትላልቅ መደብሮች በየአካባቢው በተቋቋሙ ኮሚሽኖች ካልጸደቁ አይከፈቱም ነበር። ኮሚሽኑ መጀመሪያ 20 አባላት ነበሩት፤ 9 ተመራጮች፣ 9 የነጋዴዎችና የዕደ ጥበብ ባለሙያዎች ተወካዮች፣ 2 የሸማቾች ተወካዮች። ማለትም አዲሱ ይግባ አይግባ የሚለውን የሚወስኑት ግማሽ ያህሉ ቢገባ የሚጎዱት ናቸው። ማሪያን በርትራንድና ፍራንሲስ ክራማርዝ በየአካባቢው ያሉትን ውሳኔዎች ሲያነጻጽሩ፣ ማመልከቻ በብዛት ውድቅ በተደረገባቸው አካባቢዎች የችርቻሮ ንግድ በጥቂቶች እጅ ሲጠቃለል፣ የዘርፉ ቅጥርም ቀስ ብሎ ሲያድግ አገኙ። ትንሹን ባለሱቅ ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ቀድመው የገቡትን ትልልቆች ጠበቀ።

ጀርመን በ2004 የራስን ሥራ ለመክፈት ይጠየቅ የነበረውን የሊቀ ሙያ የምስክር ወረቀት ግዴታ ከ94 የዕደ ጥበብ ሙያዎች በ53ቱ ላይ አነሳች፤ በ2020 ደግሞ በ12ቱ ላይ ግዴታውን መልሳ ጣለች። የመልሶ መጣሉ መከራከሪያ ጥራትና የልምምድ ሥልጠና ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ባዶ መከራከሪያም አይደለም። ግዴታው ሲነሳ ብዙ የአንድ ሰው ድርጅቶች ተከፈቱ፤ የአንድ ሰው ድርጅት ደግሞ ተለማማጅ አያሠለጥንም። እንቅፋት ማንሳት ምንም አያስከፍልም የሚል ካለ ተሳስቷል፣ ሁሉም እንቅፋት ከንቱ ነው የሚልም እንዲሁ። የምግብ ንጽሕና፣ የኬሚካል አያያዝ፣ የጋዝ ሲሊንደር ያለበት ቤት ከመከፈቱ በፊት መታየት አለበት። የልብስ ስፌት ቤት ከነሱ ጋር አንድ ወረፋ ላይ መቆሙ ነው ችግሩ። ተቆጣጣሪው ሳምንቱን በስፌት ቤቶች ሲጨርስ አደገኛውን መጋዘን የሚያይበት ጊዜ አይኖረውም።

አካባቢው የሚያጣው ታዲያ ያልተከፈቱትን ድርጅቶች ብቻ አይደለም። ፈቃድ የሌለው ደረሰኝ አይሰጥም፤ ደረሰኝ የሌለው ለትልቅ ድርጅት፣ ለሆስፒታል ወይም ለመንግሥት ጨረታ አያቀርብም። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ ወደ አካባቢው ቢመጣ እንኳ ካርቶኑን፣ ጥገናውን፣ የሠራተኛ ምግቡን የሚያቀርብለት ሕጋዊ ድርጅት አጥቶ ከዋናው ከተማ ያስመጣል። ፋብሪካው አካባቢው ላይ ቆሞ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይሽከረከራል። ከመዝገብ ውጭ ያለው ነጋዴም እንዳይታይ ሲል ትንሽ ሆኖ ይቆያል፤ ሁለተኛ ቅርንጫፍ አይከፍትም፣ ሦስት ሠራተኛ ካለው አራተኛ አይጨምርም። የተሻለ ዕቅድ ያለው ደግሞ ፋይሉን ይዞ ወደ ዋናው ከተማ ይሄዳል፤ ገበያውም ፊርማውም እዚያ ነውና።

ማሻሻያው የሚከሽፍባቸው ቦታዎች

የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተብሎ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ የመቀበያ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ከየመሥሪያ ቤቱ የተወከሉ ሠራተኞች ተሰልፈው ተቀምጠዋል፤ የመፈረም ሥልጣን ግን አልተሰጣቸውም። ወረቀቱን ይቀበሉና ወደ እናት መሥሪያ ቤታቸው ይልካሉ። አመልካቹ ከ5 በር እድናለሁ ሲል 6ኛ በር ተጨመረበት። ማዕከሉ ይሠራል የሚባለው የተወከለው ሠራተኛ በስሙ ፈርሞ በስሙ ሲጠየቅ ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ አገልግሎትም ታትሞ፣ ማህተም ተመትቶ በአካል ይቅረብ ከተባለ በእጅ ከሚሠራው በላይ ያደክማል፤ «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቀን ሲጨመርማ አይነሳ።

ሌላው ስውር ወጥመድ የገቢ ጉዳይ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ በጀቱን የሚሸፍነው ከፈቃድ ክፍያ ከሆነ ክፍያው ሲሰረዝ የቁጥጥር ክፍያ፣ የማሳያ ሰሌዳ ክፍያ፣ የእድሳት ክፍያ ሆኖ ይመለሳል። ክፍያ ከመሰረዙ በፊት የቢሮው ገቢ በሌላ መተካት አለበት። ዓመታዊ እድሳትም ያው ነው፤ መጀመሪያ የተነሳውን መስፈርት በየዓመቱ መልሶ የሚጠይቅ ከሆነ እንቅፋቱ ከመግቢያው ወደ መቆያው ተዛወረ እንጂ አልተነሳም።

የአካባቢ አስተዳደር ከየት ይጀምር? ውድ ጥናት አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት ፈቃድ ካገኙት 20 ፋይሎች ይመረጡ፤ ከዝቅተኛ ስጋት ዘርፍ 10፣ ከከፍተኛ 10። በእያንዳንዱ ላይ ያሉት የማህተም ቀናት በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ አመልካቹ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ በስልክ ይጠየቅ። ከዚያ ፋይሉ በእርግጥ የተሠራበት ጊዜ ከተቀመጠበት ጊዜ ይለይ። በጥቂት ሰዓት ሥራ የሚያልቅ ፋይል ወራት መቀመጡ ከታየ ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠር መፍትሔ አይሆንም፤ የተቀመጠበት ጠረጴዛ መፈለግ አለበት። ውድቅ የተደረጉትና አመልካቹ ራሱ የተዋቸው ፋይሎችም ይታዩ። ፈቃድ ያገኙትን ብቻ የሚያይ ጥናት ታግሶ የጨረሰውን ብቻ ያያል።

ከዚያ በኋላ ያለው የቅደም ተከተል ሥራ ነው። ዝቅተኛ ስጋት ያለው ሥራ ባለቤቱ መስፈርቱን ማሟላቱን ራሱ በሚሰጠው ማረጋገጫ ይጀምርና ቁጥጥሩ ከተከፈተ በኋላ ይምጣ። ለመካከለኛው ቢሮው በተወሰነ ቀን ካልመለሰ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠር፤ ይህ የሚሠራው ግን አመልካቹ ቀን ያለበት የመረከቢያ ወረቀት ከያዘ ብቻ ነው፤ አለዚያ ቢሮው «ማመልከቻው አልደረሰንም» ይላል። ለከፍተኛው ቦታ ከመከራየቱ በፊት በዕቅድ ደረጃ ቅድመ ስምምነት ይሰጠው፤ ያ ብቻውን ከላይ ያየነውን የ5 ወር ኪራይ ያድናል። የማስረጃዎቹ ዕድሜ ከረጅሙ ወረፋ እንዳያንስ ይደረግ።

መዝጊያውንም መቁጠር ያስፈልጋል። በብዙ ቦታ ፈቃድ መመለስ ከማውጣት ይከብዳል፤ የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል፣ የዓመታት ሒሳብ እንደገና ይመረመራል፣ እስኪያልቅ ግብሩና ቅጣቱ ይቆጥራል። ይህንን ያየ ሰው ሥራ ሲሞክር በትንሹ መጀመርና ካልሆነ መዝጋት እንደማይችል ያውቃል። አንዴ የከሰረ ደግሞ፣ ልምዱ ከማንም የተሻለ ሆኖ ሳለ፣ ያልተዘጋ ፋይል በስሙ ስላለ አዲስ ፈቃድ አያገኝም። ቀጣዩን ሥራ በዘመድ ስም ያወጣል፤ የሚያምነው ዘመድ ከሌለው ያለ ፈቃድ ይሠራል።